ዳንግላን ሊኑክስ ያስቀመስንበት ዘመን

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ያወጣችኝ እናቴ ናት። «ከእንግዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነሽ፤ ኮምፒውተር ቤት መዋል እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቁልፉን መልሺ» አለችኝ። ተከራከርኩ። ግን እናቴ በወሰነችው ላይ ይግባኝ የሚቀበል ፍርድ ቤት ዳንግላ ውስጥ የለም።

ትልልቅ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ጋቢ ይለብሳሉ፣ ንግግር ይደረግላቸዋል፣ ከዚያ እቤታቸው ቁጭ ብለው የሥራ ዘመን ትዝታቸውን ይጽፋሉ። እኔ ጋቢ አልደረሰኝም። አለቃዬ እትዬ ብርቱካን ጥብስ ጋበዙኝ፤ ያደረጉልኝ ንግግርም «ብዪ እንጂ፣ ምን ያፈጥጥሻል!» የሚል ብቻ ነበር። ትዝታውን መጻፍ ግን ማንም አይከለክለኝም። የአማርኛ መምህሬ ዘንድሮ ድርሰቴን ለክፍሉ በሙሉ ካነበበችልኝ ወዲህ ባዶ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ደስ ደስ ይለኛል። ደግሞም የምጽፈው አለኝ። ሰው ሁሉ «ያ ነፃው ሲስተም፣ ሊኑክስ የሚሉት፣ እውነት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ይሆናል?» እያለ ይጠይቃል። እኔ መልሱን ያወቅሁት የኮምፒውተር ክዳን ስከፍትና አቧራ ስጠርግ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ነው። ቤቱ ያለው መናኸሪያው አጠገብ፣ ጋሪዎች ተደርድረው ሰው ከሚጠብቁበት ፊት ለፊት ነው። ማመልከቻ እንተይባለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ የሰርግ ካርድ እንሠራለን፣ በፍላሽ መዝሙርና ፊልም እንጭናለን፣ የታመመ ኮምፒውተር እናክማለን። ትምህርት ሲከፈት ከሰዓት በኋላ ብቻ እገባለሁ። ደሞዜን ከጠየቃችሁ ለደብተርና ለፀጉር ቅባት ይበቃ ነበር። ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እትዬ ብርቱካን ድሮ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ በዚያ በሚንቋቋው የጽሕፈት መኪና ጊዜ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ጠረጴዛው ላይ ይፈልጉታል። «ቤዛ፣ መነጽሬን ማን ወሰደው?» ሲሉ እኔ ዝም ብዬ ወደ ደረታቸው እጠቁማለሁ። «ታዲያ ቀደም ብለሽ አትናገሪም?» ብለው ይቆጡኛል።

ሙያቸው ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሌላው ባለሙያ ቶሎ ብሎ «ቦርዱ ሄዷል» ይላል። እሳቸው ክዳኑን ይከፍታሉ፣ ሜሞሪዋን ነቅለው ያን የወርቅ ጥርስ የመሰለ ጠርዟን በተማሪ ላጲስ ቀስ አድርገው ይፈትጋሉ፣ የማቀዝቀዣውን አቧራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ይሰካሉ። ከዚያ ጣታቸውን ማብሪያው ላይ አድርገው «በስመአብ» ይላሉ። አብዛኛው ይነሳል። ሙሉ ኮምፒውተር «ሞቷል» ተብሎ በጋሪ ተጭኖ መጥቶ በላጲስ ድኖ ሲመለስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሌላው ልማዳቸው የሚገርም ነበር። ሰው ሲያስተምሩ ሁለት እጃቸውን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ይከታሉ። ያየሁትን ሳላስተውል፣ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ፋይል ፍለጋ ሲንከራተት ትዕግስቴ አልቆ ማውሱን ከእጁ ለቀም አደረግሁት።

«ቤዛ! እጅሽን ኪስሽ ውስጥ!» አሉ ከወዲያ ማዶ።

«ኪስ የለኝም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ጀርባሽ ላይ! ማውሱን ከነጠቅሽው የተማርሽው አንቺ ነሽ። እሱ ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል።»

«ብመጣ ምን አለ፣» አለ ደንበኛው ሳቅ ብሎ፤ «እዚህ ቤት ደግ ሰው አለ።» ያም ሆኖ እጄን ጀርባዬ ላይ አድርጌ በአፌ ብቻ አስተማርኩት። በጣም ከባድ ነው። እስኪ ጫማ እንዴት እንደሚታሰር እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ለሰው ንገሩ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያኔ ኮምፒውተሮቻችን ሁሉ ዊንዶውስ ነበሩ። የተገዛ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ማን እንደገለበጠው የማይታወቅ፣ ሲዞር የየቤቱን በሽታ ይዞ የመጣ። በዚያ ላይ መናኸሪያ አጠገብ ነን፤ ከአዘናም ከግምጃ ቤት ከተማም ከየትም የሚመጣ ሰው ፍላሹን ይሰካብናል። ሰኞ ያከምነው ኮምፒውተር ሐሙስ እንደገና ታሞ እናገኘዋለን። እትዬ ብርቱካን ሥራችን ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ መሆኑ አንገሸገሻቸው። ያን ጊዜ ባሕር ዳር የሚማር አንድ የሠፈር ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ሊኑክስን በፍላሽ አመጣልን።

ለማታውቁት፣ ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን ከላይ ሆኖ የሚያዘው ዋናው ሲስተም ነው። ልዩነቱ ውስጡ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። የፈለገ ያየዋል፣ ይቀይረዋል፣ ገልብጦ ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ማንም ሌባ አይለውም። እትዬ ብርቱካን ይህን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። ፍርድ ቤት የሠሩ ሰው ስለሆኑ ይሆናል፣ የሰው ንብረት ገልብጦ መሥራት ሁሌ ይከነክናቸው ነበር።

ከሁሉ የወደድነው ሳይጫን መሞከር መቻሉን ነው። ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን ከዚያ ታስነሱታላችሁ፤ ሲስተሙ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ትነካካላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ታዩታላችሁ። ነቅላችሁ ስታጠፉት ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልደረሰበት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን እኛ ቤት «ቅምሻ» አልነው። «ኑ፣ ቅመሱ!» እል ነበር ለሚገባው ሁሉ። ሰው ግን አይቀምስም።

«ነፃ ነው?»

«አዎ፣ ነፃ ነው።»

«ታዲያ ምን ጎድሎት ነው?»

ይህን ጥያቄ ከባለጋሪውም፣ ከአስተማሪውም፣ ከመነኩሴውም ሰምቻለሁ። አንዱማ «ነፃ የሚሉት ነገር መጨረሻው ስልክ ቁጥሬን መጠየቅ ነው» ብሎ ፍላሹን ነቅሎ ወጣ።

ስማችንን ያስጠራችው ከአዘና የመጣች አንዲት እናት ናት። የልጇ የምርቃት ፎቶ ያለበት ፍላሽ በቫይረስ ተመትቶ፣ ፎቶው ሁሉ ጠፍቶ የማይከፈቱ የሾርትከት ምልክቶች ብቻ ቀርተውበታል። ሁለት ቤት ሄዳ «ፎርማት ይደረግ፣ ፎቶው የለም» ተብላለች።

«ልጄን በላው፣» አለች ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልላ እያወጣች።

በሊኑክሱ ሰካሁት። ያ ቫይረስ ፎቶውን ደብቆት እንጂ አጥፍቶት አልነበረም፤ ሊኑክስ ደግሞ የተደበቀውን ያሳያል፣ የዊንዶውሱ ቫይረስም ምንም አያደርገውም። ጋዋን የለበሰው ልጅ ከነጥርሱ ስክሪኑ ላይ ፈገግ ብሎ ወጣ። ሴትዮዋ እልል ብላ ስክሪኑን ሳመችው። ከዚያም እኔን ሳመችኝ፣ እትዬ ብርቱካንን ሳመች፣ ፎቶ ኮፒ ሊያነሳ ወረፋ የያዘውን ፖሊስ ልትስመው ስትል ሸሸ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከአዘና ብቻ ብዙ ሰው የታመመ ፍላሽ ይዞ መጣ። «እቃ የሚያስመልሱት እናንተ ናችሁ?» ይላሉ፤ አዋቂ ቤት የመጡ ነው የሚመስሉት።

በዚህ ልባችን አበጠ። ውድቀታችን የመጣውም እዚህ ላይ ነው።

ጋሽ ጀማል ከኛ በታች ብርድ ልብስና ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከተማው ሁሉ የሚወዳቸው ነጋዴ ናቸው። ላፕቶፓቸው ተንቀርፍፎ ይዘውት መጡ። እትዬ ብርቱካን አዩት፣ «ጀማል፣ ለዚህ መድኃኒት አለኝ» አሉ። ቅምሻም የለ፣ ምንም የለ፤ የነበረውን ሙሉ በሙሉ አንስተው ሊኑክስ ጫኑበት። ላፕቶፑ እንደ አዲስ በረረ። ጋሽ ጀማል መርቀውን ሄዱ።

የበዓል ዋዜማ ነበር። ሱቃቸው ጢም ብሏል፤ ከገጠር የመጣው ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ይፈልጋል፣ በእንጅባራ በኩል ያለውን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሽ ጀማል የመጀመሪያውን ሽያጭ ሊመዘግቡ ሲሉ የደረሰኝ ማሽኑ ዝም። ለካ የማሽኑ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። ያለ ደረሰኝ መሸጥ ደግሞ ክልክል ነው። እኔ ተጠርቼ ሮጥኩ፣ እትዬ ብርቱካን ሮጡ፣ ያለንን ሞከርን፤ ኔትወርክም እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ ምንም። ደንበኛው ቀስ በቀስ እየወጣ ወደ ጎረቤት ሱቅ ገባ። ጋሽ ጀማል በሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ገበያ ነበር።

ማታውን በጩኸት ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። የመጡት በማግሥቱ ነው፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

«ብርቱካን፣» አሉ፣ «የሰጠሽኝ ፈረስ ሸጋ ነው። ሲጋልብ አይቼዋለሁ። የኔን ጋሪ ግን አይጎትትም።»

እትዬ ብርቱካን ያን ቀን ቤቱን ዘግተው ላፕቶፑ ላይ ዋሉ። ዊንዶውሱን መለሱ፣ የደረሰኙን ፕሮግራም ካመጣው ባለሙያ ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ጫኑ፣ በእጃቸው ወስደው ሱቁ ውስጥ ደረሰኝ ቀዶ እስኪያዩ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ አንድ አዲስ ልማድ ወጣ። ማንም ኮምፒውተር ይዞ ቢመጣ ከመንካታችን በፊት «ትናንት ምን ሠራህበት? እስኪ አሳየኝ» እንላለን። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ የትናንት ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራልናል፤ እኛ እጃችንን ኪሳችን ከተን እናያለን። የትናንት ሥራው ፊልም ማየትና ማመልከቻ መጻፍ ከሆነ፣ ና ቅመስ። የደረሰኝ ማሽን፣ ወይም የቢሮው የራሱ ፕሮግራም ያለበት ከሆነ ባለበት ይቆያል። እንዲያም ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን እንጭንለታለን። ጋሽ ጀማል ራሳቸው በኋላ ሁለቱን አስጭነዋል፤ ቀን በዊንዶውስ ይሸጣሉ፣ ማታ ልጆቻቸው በሊኑክስ ፊልም ያያሉ። «በጋሪውም በፈረሱም ሆነልኝ» ይላሉ።

በዚህ መሐል የሥራ ዝውውር ገጠመኝ። ከእንጅባራ ወዲያ፣ ግምጃ ቤት።

መምህር አላምረው የሚባል፣ ጢሙን ያንዠረገገ የኮምፒውተር አስተማሪ ከግምጃ ቤት ድረስ ፈልጎን መጣ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ሙሉ አሮጌ ኮምፒውተር ላስቲክ ለብሶ ተኝቷል። እንጅባራ ያሳያቸው ባለሙያዎች «ለአዲሱ ዊንዶውስ አቅም የላቸውም፣ የብዙዎቹ ሃርድ ዲስክም ሞቷል» ብለውታል።

«እኔ የቤተ መዘክር ጠባቂ ነኝ፣» አለን። «ቀልዱ ይቅርና፣ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው ተብለናል። ልጆቼ ማውስ ነክተው አያውቁም። የወላጅ ኮሚቴው ደግሞ ክፍሉን ለማዳበሪያ ማስቀመጫ ይፈልገዋል። ዝናቡ ሳይገባ ይወስናሉ። ክፍሉ ከተወሰደ ልጆቹ ማውስ የሚያዩት ፈተናው ቀን ነው።»

እትዬ ብርቱካን መነጽራቸውን አደረጉ። በዚያ ቀን አልጠፋቸውም። «ቤዛ፣ አክስትሽ ግምጃ ቤት አይደለችም?» አሉኝ።

የግማሽ ዓመት ዕረፍት ስለነበር እናቴም ፈቀደች። እትዬ ብርቱካን መጀመሪያ ላይ አብረውኝ ነበሩ። ላጲሳችንን ይዘን ገባን። እየከፈትን ፈተግን፣ ጠረግን፣ ከአንዱ ነቅለን ለሌላው ሰካን። አንዱ ውስጥ አይጥ ወልዳ አገኘናት፤ መምህር አላምረው ዘሎ ወንበር ላይ ወጣ፣ እትዬ ብርቱካን ግን «አንቺም ነፃ ቤት አግኝተሽ ነው» ብለው ከነልጆቿ በአካፋ አወጧት። ለደካማ ኮምፒውተር የተሠራ ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት አለ፤ እሱን በፍላሽ አድርገን አስነሳናቸው። ሃርድ ዲስክ የሌላቸው ሁሉ ከፍላሹ ላይ ተነሱ። ፍላሹን ከየት አመጣችሁ አትበሉኝ፤ ከአስተማሪውም ከተማሪውም ለምነን ነው። አንዱ ፍላሽ ላይ የአንድ አስተማሪ የፍቅር ግጥም ነበረበት። ሳናነብ አላጠፋነውም።

እትዬ ብርቱካን ወደ ዳንግላ ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ። ተማሪዎቹ ገቡ። ከሁሉ ፊት የተቀመጠችው የሻረግ ትባላለች። ከከተማው ራቅ ካለ ቀበሌ በእግሯ የምትመጣ፣ ከኔ በአንድ ክፍል የምትበልጥ፣ ፊዚክስ ስትሠራ እስክሪብቶዋ የማይቆም ልጅ ናት። ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ማውሱ ላይ ግን እጇን አታሳርፍም።

«ተጫኚው እንጂ፣» አልኳት።

«ከተበላሸስ?»

«አይበላሽም።»

«የመንግሥት ነው እኮ። አባቴን ያስከፍሉታል።»

ዞር ስል ሁሉም እንደሷ ናቸው። እጃቸው አየር ላይ፣ ዓይናቸው መምህር አላምረው ላይ። አንዱ ልጅ ኮምፒውተሩን ከመንካቱ በፊት «የተከበሩ መምህር፣ ልንካው?» ብሎ እጁን ያወጣል። እንደዚህ ከሆነ ፈተናው ቀን ሰዓቱ በፈቃድ ጥየቃ ሊያልቅ ነው! በማግሥቱ ተነሳሁና እንዲህ አልኳቸው፦ «የዛሬው ትምህርት ማበላሸት ነው። ይህ ሲስተም ቅምሻ ነው፣ የሚነሳው ከፍላሹ ላይ ነው። ያደረጋችሁትን አድርጋችሁት አጥፍተን ስናበራው እንደነበረው ይመጣል። ስለዚህ አበላሹት። ከሁሉ አብልጦ ያበላሸ ይጨበጨብለታል።»

የሻረግ አየችኝ፣ ኮምፒውተሩን አየችው። ከዚያ ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን መስመር በሙሉ አጠፋችው። አጥፍተን አበራነው፤ መጣ። ሳቋ ሲፈነዳ ክፍሉ ሁሉ ተከተላት። አንዱ ስክሪኑን ገልብጦ አንገቱን አጣሞ ይሠራል፣ ሌላው ፊደሉን እንደ ጤፍ ፍሬ አሳንሶ ሊያገኘው አልቻለም፣ ሌላዋ ያገኘችውን ሁሉ እየሰረዘች «ይሄስ? ይሄስ?» ትላለች። ለማበላሸት ደግሞ መክፈት አለባችሁ፣ መፈለግ አለባችሁ፣ ቀኝና ግራ መጫን፣ መጎተት፣ መጻፍ። እኔ እጄን ጀርባዬ ላይ አድርጌ እዞራለሁ። ሲመሽ ማውስ የፈራ ልጅ አልቀረም። እነዚህ ልጆች ዊንዶውስ እንዲህ ነበር፣ እንዲያ ነበር የሚሉት የላቸውም፤ ስለዚህ ሊኑክስ አዲስ አልሆነባቸውም፣ ኮምፒውተር ራሱ ነው አዲስ የሆነባቸው። ከደንበኞቻችን ሁሉ ቀላሎቹ እነሱ ነበሩ።

የወላጅ ኮሚቴው የመጣው እንግዲህ ማበላሸቱ በደራበት ቀን ነው። ሊቀመንበሩ አያ ፈንታ ፈረሳቸውን በሩ ላይ አስረው ገቡ፤ ሌሎች ሁለት ገበሬዎችም አሉ።

«ባለሙያ ከዳንግላ መጣ ስትለኝ ጢም ያለው ነበር የጠበቅሁት፣» አሉ መምህር አላምረውን።

«ጢሙን እኔ ይዤላታለሁ፣ አያ ፈንታ። ሙያውን እሷ ይዛለች።»

አያ ፈንታ ሊስቁ ሲሉ አንዱ ልጅ ከወደ ኋላ «እኔ ሙሉ በሙሉ አበላሸሁት!» ብሎ ጮኸ፣ ክፍሉም አጨበጨበለት። አያ ፈንታ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን አደረገ?»

«አበላሸው፣» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«የመንግሥት ንብረት? አንቺ አበላሹ ብለሽ ነው?»

መምህር አላምረው ሊያስረዳ ጀመረ፤ ላብ አጠመቀው፤ ስለ ሲስተም፣ ስለ ነፃ ፕሮግራም፣ ስለ ዓለም ሁኔታ እያለ ራቀ። አያ ፈንታ እጃቸውን አነሱ፦ «እዚህ ማበላሸት ከሆነ ትምህርቱ፣ ማዳበሪያዬ ደግሞ በረንዳ ላይ እየራሰ ድንጋይ እየሆነ ነው። እሱም ልፋት ነው። እንግዲህ ክፍሉ ይለቀቅ።»

የሻረግ ያን ጊዜ ተነሳች። በአገውኛ ነበር የተናገረቻቸው። እናቴ አገውኛ ትናገራለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ ስናገር ግን ሰው ይስቅብኛል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አዳመጥሁ። ወንበሯን ለቀቀችላቸው፣ እርስዎ ያበላሹት አለቻቸው።

«እኔ?»

«እርስዎ። ካልተመለሰ ክፍሉን ይውሰዱት።»

ኧረ ተይ፣ ልላት ነበር! ያ ኮምፒውተር ከሁሉ አሮጌው ነበር፤ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ያስባል። አያ ፈንታ ቁጭ አሉ። ዱላቸውን ጭናቸው መሐል አስገቡ፣ ማውሱን እንደ ጫጩት ያዙት። የሻረግ እጇን ጀርባዋ ላይ አደረገች። እንዲህ አድርጊ ብዬ አልነገርኳትም፤ እኔን አይታ ነው። በአፏ ብቻ መራቻቸው፤ ይክፈቱት፣ ይጎትቱት፣ ይህን ይጫኑ። ስክሪኑ ተገለበጠ፣ መስመሩ ጠፋ፣ ጥቁር ሆነ።

«ገደልኩት፣» አሉ አያ ፈንታ።

አጠፋችው። አበራችው። ጥቁር። ሁላችንም ጥቁሩን እናያለን። ከኮሚቴው አንዱ «በል ማዳበሪያህን አምጣ» አላቸው። ማቀዝቀዣው መሽከርከር ሲጀምር ይሰማኛል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ክብ ስክሪኑ ላይ መዞር ጀመረች፣ ቀጥላም ሁሉም እንደነበረው ብቅ አለ። ልጆቹ ጮኹ። አያ ፈንታ ግን አልጮኹም። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርገው «እስኪ ድገሚው» አሉ።

ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜ ካበላሹት በኋላ ዞር ብለው «ዝናብ ቢመታውስ? እንዲህ ይመለሳል?» አሉኝ።

«አይመለስም፣ አያ ፈንታ።»

«ማዳበሪያም አይመለስም።» ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «እንግዲያው ማዳበሪያው እኔ ዘንድ ይግባ። ለልጄ ያሠራሁት አዲስ ቤት ክዳኑ አልቋል፤ ሰርጉ እስኪደርስ ባዶውን ነው።»

«ሙሽሪት መጥታ ማዳበሪያ ላይ ልትተኛ ነው?» አለ ያው የኮሚቴው ሰው።

«ሰርጉ ከዘር በኋላ ነው! አንተ ደግሞ ለሙሽሪት ማሰብህን ተው፣ ማዳበሪያ ለመሸከም ትከሻህን አዘጋጅ።» ሁሉም ሳቀ። አያ ፈንታ ሲወጡ የሻረግን በአገውኛ አንድ ነገር አሏት። ምን አሉሽ ብላት «ሐኪም ስትሆኚ እኔን ግን በማበላሸት አትለማመጂብኝ አሉኝ» አለችኝ።

ልጆቹ እስከ ፈተናው ድረስ ተለማመዱ። እኔ ዳንግላ ተመለስኩ፣ መብራት ሲኖር መምህር አላምረው እየደወለ ይነግረናል። እትዬ ብርቱካን ግን አንድ ነገር ያሳስባቸው ነበር፤ እንቅልፍም የነሳቸው ይመስለኛል። «ፈተናው ላይ የሚያገኙት ኮምፒውተር ሌላ ነው የሚሆነው» ይላሉ። «መልኩ ሌላ፣ ምልክቱ ሌላ። የጀማልን ዓይነት ነገር በልጆቹ ላይ አድርገን እንዳይሆን።» እኔም ውስጤ ይፈራል። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋች ልጅ፣ በማታውቀው ስክሪን ፊት እጇ አየር ላይ ቀርቶ ይታየኝ ነበር።

ፈተናው እንጅባራ ነበር። ባለቀ ዕለት እናቴን አስፈቅጄ በሚኒባስ ሄድኩ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ከግቢው በር ፊት ለፊት ከመምህር አላምረው ጋር ቆመን፣ እሱ ጢሙን ይነጫል፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። እትዬ ብርቱካን ይደውላሉ፦ «ወጡ?» «አልወጡም።» ትንሽ ቆይተው «አሁንስ?» «እትዬ፣ አልወጡም!» «ሲወጡ መጀመሪያ ሲስተሙ ምን እንደነበር ጠይቂልኝ። ግራ ገብቷቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

በሩ ተከፈተ፣ ልጆቹ ጎረፉ። የሻረግን ነጠላዋን እየሰበሰበች ስትመጣ አየኋት፤ ሮጬ ያዝኳት፣ ስልኩን አልዘጋሁትም ነበር፣ እትዬ ብርቱካን በዚያ በኩል ይሰማሉ።

«የሻረግ! ኮምፒውተሩ ምን ነበር? ዊንዶውስ ነው? ሊኑክስ ነው? መልኩ ምን ይመስላል?»

ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። እውነቷን ነው፣ ልታስታውስ ሞከረች።

«እኔ እንጃ፣» አለች። «ፊዚክስ ነበር። አሁን ርቦኛል፣ ድንች እንብላ።»